ሰማያዊዋ አክስት

ምስማር የሚሉት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ አይደለም። ቀጥ ብሎ የሄደበት ቀን የለም። ሰውነቱ ሽቦ፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ለሁለት ሰው የሚበቃ ስለሆነ ነው። ስሙን ያወጣለት የእህቱ ባል ነው። ሰውዬው የእንጨት ሥራ ቤት ስላለው የሰውን ልጅ ሁሉ በዕቃ ዓይን ነው የሚያየው። «ይሄ ልጅ አናቱን ካልመቱት አይገባም» ብሎ ሳቀና ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ምስማር አልተቀየመም። ትምህርት ቤትን በሩን በደንብ ያውቀዋል፤ ውስጡን ነው ብዙ ያላየው። ስለዚህ ጢሙ አገጩ ላይ ብቅ ካለ ጀምሮ እህቱ ቤት ነው፤ ቀን እታች ወርዶ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ይውላል፣ ማታ እላይ ወጥቶ እራቱን ይበላል። እራቱ ላይ ሰነፍ ነው የሚለው ሰው የለም።

እታች መጋዝ አለ፣ መላጊያ ማሽን አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ታመመ በሬ እያጓራ ነፋስ የሚተፋ ኮምፕረሰር አለ። እላይ ደግሞ እህቱና ባሏ፣ ከሁለቱም በላይ ዳኛ አለች።

ዳኛ የእህቱ ልጅ ናት። የወተት ጥርሷ ገና መውለቅ መጀመሩ ነው፤ ሥልጣኗ ግን የትልቅ ሰው ነው። ሠራተኞቹ ምሳ በልተው ግቢው ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ፣ በፎቁ መስኮት ብረት መሃል አፍንጫዋን አውጥታ የምታጫውተው እሷ ናት። ጉቦ አትበላም፣ ዘመድ አታውቅም። አባቷን ስንቴ አስወጥታዋለች። ቀይ ካርዷ ቀይ ቀለም የተቀባ የኮምፔንሳቶ እንጨት ቁራጭ ስለሆነ፣ ከላይ ስትወረውረው አናት ላይ ካረፈ ጥፋተኛው የሚወጣው ከነጉብታው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያንሳታል፤ ትንፋሽ። አንገቷ ላይ የሚያብረቀርቅ ፊሽካ አንጠልጥላለች፤ ግን ስትነፋው «ፍስስስ» ይልና ሳሉ ይከተላል። ስለዚህ እሷ እጇን ታነሳለች፣ ምስማር እታች ሆኖ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጭላታል። ሠራተኞቹም «ዳኛዋ እላይ፣ ፊሽካዋ እታች» እያሉ ይስቃሉ። እሷ ግን አትስቅም።

ሐኪሟ «አስም ነው» ብላለች። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትስላለች፤ ቀን ቀን ደህና ትውልና፣ ሥራ ቤቱ ሲዘጋ፣ ገና እራት ሳይቀርብ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። እናቷ በአፍ የሚማገውን ፓፍ ይዛ ትሮጣለች። ምስማር በዚያ ሰዓት ቀልዱ ሁሉ ይጠፋበታል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም፣ አንዴ ኪሱ ውስጥ፣ አንዴ አናቱ ላይ።

ሐኪሟ ደህና አድርጋ ነበር የጠየቀቻቸው።

«መድኃኒቱን እንዳዘዝኩት ትውሰድ። ግን የሚቀሰቅስባትን ነገር ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ፈልጉ። የምድጃ ጭስ፣ ሲጋራ፣ ሻጋታ የያዘው ግድግዳ፣ የፍራሽ አቧራ፣ የድመት ጸጉር፣ ሽቶ... ሥራችሁስ ምንድነው?»

«የእንጨት ሥራ ነው» አለች እህቱ፤ ወዲያው ቀና ብላ፣ «ግን በዚያ በኩል አያስቡ ዶክተር። እኔ ቤት አንድም ሰው ሳይራገፍ ደረጃ አይረግጥም።»

ሐኪሟም «ጎበዝ» አለቻት። እንዴት እንደሚራገፉ ግን አንዱም አልነገራት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ተገለበጠ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጣ። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ አንሶላው ተቀቀለ። ድመቷ ከነልጆቿ ለጥበቃው ሰውዬ ተሰጠች፤ እሱም «መቼ ለመንኳችሁ?» እያለ ተቀበላት። እንጨት ክምር ጀርባ ተደብቆ የሚያጨሰው የመጋዝ ሠራተኛ ከነሲጋራው መንገድ ተሻግሮ እንዲያጨስ ተፈረደበት። የምስማር የጸጉር ቅባት እንኳን አልተረፈም፤ እህቱ አሽትታ በሁለት ጣቷ ይዛ ወሰደችው።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሴቶች የሚወዱት ነው!»

«የትኞቹ ሴቶች? ጥራልኝ እስቲ አንዷን።»

ከዚያ ወዲህ ምስማር ጸጉሩን የሚያበጥረው በውሃ ነው።

የጓዳው ግድግዳ ሻጋታ ሲፋቅ፣ እውነት ለመናገር፣ ጠዋት ጠዋት ተሻላት። የማታው ግን ያው ነው። እሁድ ብቻ ሥራ ቤቱ ተዘግቶ ይውላል፣ ዳኛም ደህና ታመሻለች። ይሄን ሁሉም አይቶታል። እናቷ «እሁድ ስለምታርፍ ነው» አለች። አባቷ «እሁድ ትምህርት ስለሌለ ነው» አለ። ምስማር ደግሞ «እሁድ እኔ ገላዬን ስለምታጠብ ነው» አለና በትራስ ተመታ።

አሁን የመራገፉን ነገር ልንገራችሁ። ማታ መጋዙ ዝም ሲል፣ ሠራተኞቹ በዳኛ መስኮት ሥር ይሰለፋሉ። የኮምፕረሰሩ ቱቦ የሚደርሰው እስከዚያ ነው፤ ለፍተሻም ይመቻል። እያንዳንዱ ቱቦውን ይዞ በነፋስ ራሱን ከአናቱ እስከ ጫማው «ቿ!» ያደርጋል። ሰጋቱራው ይረግፋል። ሕጉን ያወጣችው እናትየው ናት፤ «በብናኝ ተለውሳችሁ ልጄን እንዳትነኳት!» ብላ። ፈታሿ ደግሞ ሌላ ማን ትሆናለች? ዳኛ መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍታለች።

«አባዬ፣ ዙር! ጀርባህ! ብብትህ ሥር! ጆሮህ ውስጥም አለ!»

«አሁንስ፣ ክብርት ዳኛ?»

«እለፍ!»

ሰውዬው ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ ያቅፋታል። ያቺ ሰዓት ለሁለቱም ከቀኑ ሁሉ የምትጥማቸው ሰዓት ናት። ትንሽ ቆይቶ ሳሉ ይመጣል።

እንዲህ እያለ ከረመና አንድ ጠዋት ትልቋ አክስት መጡ። የአባትየው ታላቅ እህት ናቸው፤ ዛፍ በዛፍ የሆነ አገር፣ ልጅ የሌለበት ትልቅ ቤት አላቸው። ሽቶአቸው ቀድሟቸው ደረጃውን ይወጣል፤ እሳቸው ሲደርሱ ሽቶው ወንበር ይዞ ይጠብቃቸዋል።

«ልጅቷን እኔ እወስዳታለሁ» አሉ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ። «ይሄ አየር ነው? አየር እኔ ጋ ነው ያለው። እዚያ ታድጋለች፣ እዚያ ትማራለች።»

«እታለም፣ አንድ ልጅ እኮ ናት ያለችን» አለ አባትየው።

«አንድ ስለሆነች ነዋ! የምትተነፍስበት ቦታ ትሁን።»

የምስማር እህት ልጇ ስትታፈን በዓይኗ ያየች እናት ናት። የዳኛን ልብሶች እያጠፈች ቦርሳ ውስጥ መክተት ጀመረች። አንዱን ቀሚስ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና አጠፈችው። ጉዞው ለማግስቱ ጠዋት ተቆረጠ።

ምስማር ዳኛን ደረጃው ላይ አገኛት። ፊሽካዋን ጥርሷ መሃል ይዛ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«አጎቴ፣ እዚያ ኳስ አለ?»

«ይኖራል።»

«አትዋሽ። እትዬ አክስት ሳር ላይ መሮጥ ሳሩን ያሳምመዋል ብለዋል።»

ምስማር እንባው እንዳያስታውቅበት አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ።

«እሺ፣ ሳልሄድ አንድ የሚያስቅ ነገር አድርግልኝ» አለች። «ትልቅ! እስከ ዛሬ ያልሠራኸው። አስታውሼው እዚያም እንድስቅ።»

ይሄንን ለምስማር መንገር ለእሳት ቤንዚን መስጠት ነው።

ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ዋለ። ዓይኑ ሙሽራው ላይ አረፈ። ሙሽራው የሚሉት ቫርኒሽ ቀቢውን ነው፤ አግብቶ አይደለም፣ ሁልጊዜ ሊያገባ የሚሄድ ስለሚመስል ነው። ማታ ከቱቦው ጋር የሚቆየውን ያህል ሌላው በሙሉ ተደምሮ አይቆይም። ኪሱን ገልብጦ ይነፋል፣ የሱሪውን እጥፋት ዘርግቶ ይነፋል፣ ቅንድቡን ሳይቀር።

ሥራ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ክር ነክረው እንጨት ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጡበት ሰማያዊ ዱቄት አለ። ጣት ላይ ከነካ ሳሙናን የሚያስለቅስ ዱቄት ነው። ሙሽራው ከሰዓት ቱታውንና ኮፍያውን ሰቅሎ ቫርኒሽ ሊያመጣ ሲወጣ፣ ምስማር ግራ ቀኙን አየና ዱቄቱን ኋላ ኪስ ውስጥ፣ ደረት ኪስ ውስጥ፣ የእግሩ እጥፋት ውስጥ ሞላው። አመል ሆኖበት የኮፍያውንም እጥፋት አልማረውም። ከዚያ እንደ ጨዋ ልጅ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ መፈተግ ቀጠለ። ያን ዕለት ያየው ሰው ተለወጠ ብሎ ይመርቀው ነበር።

ለዳኛ «በሥራ መዝጊያ ሰዓት መስኮቱን እንዳትለቂ» ብሎ ሹክ ብሏታል።

ሰዓቱ ደረሰ። መጋዙ ዝም አለ። ሠራተኞቹ ተሰለፉ። ምስማር ቀና ብሎ ሲያይ ግን መስኮቱ ላይ ያለችው ዳኛ አይደለችም። ትልቋ አክስት ናቸው! እናትየዋ ልጇን ጓሮ ክፍል አስቀምጣ ለመንገዱ ጸጉሯን እየሠራቻት ነበር፤ ዳኛ «መስኮቱ! መስኮቱ!» ብትል የሚሰማት አላገኘችም።

«ዛሬ ፈታሿ እኔ ነኝ» አሉ አክስት፣ አንገታቸውን በብረቱ በኩል አስግገው። «ቀጥሉ! አንተ ባለ ኮፍያው፣ ና ቅደም!»

ሙሽራው ተጠራ! ምስማር «ቆይ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ሳቁ ቀደመው። ሙሽራው ቱቦውን እንደ ጊታር አቅፎ፣ ዳሌውን ሰበር አድርጎ፣ ኋላ ኪሱ ላይ ለቀቀው።

«ቿ!»

ግቢው ሰማያዊ ሆነ። ሙሽራው ደንግጦ ቱቦውን ወደ ደረቱ አዞረው፤ ሁለተኛው ደመና ወጣ። ኮፍያውን አውልቆ ሲያራግብ ሦስተኛው። ከደመናው ውስጥ «እናቴ ድረሽ!» የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ሠራተኞቹ ተያይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ። የመጋዙ ሰውዬ ሆዱን ይዞ «በቃ፣ በቃ፣ ልሞት ነው» ይላል።

ምስማርም እየሳቀ ቀና አለ። ያኔ ነው ያየው። ደመናው አልወረደም። ሰጋቱራው ብቻ ነው የወረደው። ረቂቁ ግን ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ ወደ ላይ ወጣና በተከፈተው መስኮት ዘው ብሎ ገባ።

ከላይ ማስነጠስ ተሰማ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ከዚያ «ዓይኔን!» የሚል ጩኸት።

ምስማር ለዳኛ ሊያሳያት ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጣ። የዳኛን ክፍል ሲከፍት አክስት መሃል ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ሰማያዊ፣ ጸጉራቸው ሰማያዊ፣ የከንፈር ቀለማቸው ብቻ ቀይ። በሚያስነጥሱ ቁጥር ከቅንድባቸው ጭስ የመሰለ ነገር ይነሳል። ምስማር የበሩን መቃን ይዞ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጥሎ ግን ዓይኑ የዳኛ ትራስ ላይ አረፈ።

ነጩ ትራስ ሰማያዊ አቧራ ለብሷል። አንሶላውም፣ የሌሊት ልብሷም፣ ክፍት የተተወው የጉዞ ቦርሳዋም። በጣቱ ትራሱን ሲያብሰው ጣቱ ሰማያዊ ሆነ። ሳቁን ትቶ በመስኮቱ ወደ ታች ሲያይ የእህቱ ባል ቱቦውን ይዞ ሊራገፍ ቆሟል። በየማታው እንዲህ ነው። የየማታው ብናኝ ነጭ ስለሆነ ነጭ አንሶላ ላይ አይታይም እንጂ፣ በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ሰዓት፣ ወደዚችው ትራስ ነው የሚወጣው። ዳኛ ደግሞ አፏን ከፍታ «ጀርባህ! ብብትህ!» ትላለች። ዛሬ ጸጉሯ ባይሠራ ኖሮ...

ከጓሮ የዳኛ ሩጫ ተሰማ። «አጎቴ! አመለጠኝ እንዴ? ምንድነው?»

ምስማር ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋና ተደገፈው። «እንዳትገቢ!»

ዳኛ ክው አለች። አጎቷ ተቆጥቶ አያውቅማ።

«ሂጂ፣ ከጓሮ እንዳትወጪ፤ ኋላ ሁሉንም እነግርሻለሁ። እትዬ! ጋሼ! ኧረ ቶሎ ኑ! እናንተ ብቻ!»

መጡ። በሩን በጠባቡ ከፍቶ አሳያቸው። መናገር አላስፈለገውም፤ ትራሱ ተናገረ። እህቱ ትራሱን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ወደ ታች ቱቦውን አየች። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ተራገፉ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ደግሞ እዚህ ሥር።»

«ቱቦውን ያስረዘምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለ ባሏ፣ ጎኗ ተቀምጦ። «እስከ መስኮቷ እንዲደርስልኝ ብዬ።»

«እናንተ እዚያ ስትካሰሱ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፣ «እኔ እዚህ ቀለም ሆኜ ልቅር? አፕችሁ! ውሃ የሚሰጠኝ የለም?»

እህቱ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ግን... ሰማያዊውን ማን ጨመረው?»

ሁሉም አዩት። ምስማር ጣቱን ሊደብቅ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ለምርምር ነው» አለ።

ባልየው ሳቁ አመለጠው። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ። እህቱ አንድ እጇን ልትመታው አነሳች፤ ከዚያ በዚያው እጇ አንገቱን ስባ ግንባሩን ሳመችው፤ ከሳመችው በኋላ ደግሞ መታችው። ሁለቱም ይገቡት ነበር።

አክስት ታጥበው ታጥበው ሲወጡ ጆሮአቸው አካባቢና ቅንድባቸው ላይ ሰማያዊው አልለቀቀም። የዳኛን ቦርሳ አነሱ። ዳኛ ከጓሮ በር አንድ ዓይኗን አውጥታ ታያለች።

«ይዣት ብሄድ ኖሮ» አሉ አክስት፣ «እኔ ጋ ይሻላትና "አየሬ ነው" እያልኩ ዕድሜ ልኬን ስኮራ እኖር ነበር።» ቦርሳውን ለእናትየዋ ሰጧት። «ይሄን እጠቢው። ቱቦው ይቁምና እንይ። ካልተሻላት ግን እወስዳታለሁ፤ ጨዋታ የለም። እስከዚያ እኔም አልሄድም።»

ዳኛ ከበሩ ጀርባ በደስታ ጮኸች። ምስማር ግን ገና አላመነም። ካልተሻላትስ?

በነጋታው ሐኪሟ ጋ ሁሉም ተግተልትለው ሄዱ። ሐኪሟ ሰምታ ራሷን ያዘች። «ያን ቀን ጠይቄ መጨረስ ነበረብኝ» አለች። ከዚያ ነገረቻቸው፦ በነፋስ ማራገፍ ከዛሬ ጀምሮ ቀረ፤ ብናኙ በእርጥብ ጨርቅና በሚስብ ማሽን ይጠረግ፤ ሥራ እያለ መስኮቱ ይዘጋ፤ አልጋዋ ወደ ጓሮ ክፍል ይዙር፤ ሠራተኞቹም ለራሳቸው ሳንባ ሲሉ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፤ አባትየው ቱታውን እታች አውልቆ፣ ታጥቦ ይውጣ። «መድኃኒቱንም እንዳታቋርጡ። አስሙ ጥሏት አልሄደም፤ የሚነካካውን ነው የምናርቅላት።» ይሄን ብላ አየሩን አሸተት አሸተት አደረገችና ተነስታ መስኮት ከፈተች። ዓይኗ ትልቋ አክስት ላይ ቆመ። አክስት ቅንድባቸው ሰማያዊ እንደሆነ፣ ፊታቸው ቀይ ሆነ። የሽቶው ጠርሙስ የዚያኑ ዕለት ከግቢ ውጭ ብቻ እንዲቀባው ለሙሽራው ተሰጠ፤ ቱታው ስለተበላሸበት ካሣ መሆኑ ነው።

ምስማርም ቅጣቱ አልቀረለትም። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውለው እሱ ነው። «ለምርምር ነው» እያሉ ባልዲውን ያቀብሉታል።

የመጀመሪያዎቹ ማታዎች ሁሉም እራት ላይ ጆሮውን አቁሞ ነበር። ማንኪያ እንኳን የሚያንኳኳ የለም። ዳኛ አንዳንዴ ትስላለች፣ አክስት ቦርሳውን ያያሉ። ከዚያ ሳሉ ራቅ ራቅ አለ። አንድ ማታ አክስት ቦርሳውን ፈልገው አጡት፤ ለካ እህቱ ሽንኩርት አስቀምጣበታለች። አክስትም ሽንኩርቱን አይተው የራሳቸውን ሻንጣ ብቻ ማዘጋጀት ጀመሩ።

አክስት ሊሄዱ ባሉበት ቀን ማታ፣ ሥራ ቤቱ ተዘግቶ፣ ምስማር ወለሉን ወልውሎ ጨረሰ። አናቱን ሲዳብስ ጸጉሩ በሰጋቱራ ተሞልቷል። ለመታጠብ ውሃ መቅዳት አለ፣ ባልዲ መሸከም አለ። ቱቦው ደግሞ እዚያው ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ ያየዋል። ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። አንዴ ብቻ! ቱቦውን አነሳ። ጣቱ ገና ቁልፉን ሳይነካ እላይ መስኮቱ ብርግድ አለ።

«ፊርርርርርርርርርር!»

ግቢው ተንቀጠቀጠ። ድመቷ ከጥበቃው ጎጆ ወጥታ ሮጠች። ምስማር ቱቦውን ጥሎ ቀና አለ። ዳኛ ናት። ጉንጯ እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ ፊሽካው ከንፈሯ መሃል። ፉጨቱ ቆመ። ምስማር ትንፋሹን ዋጠና የሚከተለውን ሳል ጠበቀ። ከኋላዋ እህቱም፣ ባሏም፣ ቅንድበ ሰማያዊዋ አክስትም አንድ ላይ ቆመው ጠበቁ።

ሳሉ አልመጣም።

ዳኛ ራሷ ገርሟት ፊሽካውን አውጥታ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ሥራዋ ትዝ አላትና ፊቷን አኮሳተረች። ቀዩ ኮምፔንሳቶ እየተገላበጠ ወረደና ልክ የምስማር አናት ላይ «ቋ!» አለ።

«ውጣ!»

ምስማር አናቱን እያሻሸ፣ ጥርሱ እስከ ጆሮው ተከፍቶ፣ ባልዲውን አንስቶ ወደ ውሃው ሄደ።

«ብያችኋለሁ» አለ የእህቱ ባል ከላይ። «አናቱን ካልመቱት አይገባም።»